ከንቲባው በስማቸው የሰየሙት ጎዳና

በአንዲት ከተማ አንድ አፈኛ ጋሪ ነጂ ነበር። ከገበያው እስከ ባቡር ጣቢያው ያለው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለነበር፣ ጎማው በገባ ቁጥር መንገዱን ሳይሰድብ አያልፍም ነበር። ከንቲባው ግን አንድ አካፋ ጠጠር እንኳ ሳያስደፉ «ከንቲባ ወንድይፍራው ጎዳና» የሚል ሰሌዳ አስተከሉበት።

በማግስቱ ጋሪ ነጂው እንደ ልማዱ «አንተ ብልሹ! አንተ የማትረባ!» እያለ ሲያልፍ ከንቲባው ሰሙት።

«ስሜን ሰድበሃል! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ ካልጠየቅህ ጋሪህ ይወረሳል» ብለው አፈጠጡበት።

ጋሪ ነጂው ቢደነግጥም ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ ይህን መንገድ ስሰድብ አሥር ዓመቴ ነው። ትናንት ስምዎን አምጥተው ስድቡ ላይ የተከሉት እርስዎ ነዎት» አለ።

ከንቲባው ሊቆጡ ሲሉ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በሳምንቱም ጠጠር አስጫኑ።