ለሰርግ ያልተወለወለችው ቮልስ

አንድ ሰዓት ሠሪ የእህቱን ወንድ ልጅ ሰርግ በአሮጌ ቮልሱ ሊያጅብ አሰበ። መኪናዋን ከአጥር በር በተረፈ ቀለም ራሱ በብሩሽ ቀብቷት ነበር። የሙሽሪት አባት አቶ ልሳነወርቅ ግን አዲስ መኪናቸውን ተደግፈው፣ «ይቺን ፖሊሽ ሳታስደርግ አጀቡ ውስጥ እንዳላይህ! ቪዲዮው ላይ ከእኔ መኪና ጋር ልትታይ ነው?» አሉት።

ሰውዬው ርካሽ ፖሊሽ ፍለጋ ከተማውን አዳረሰ። አንደኛው ቤት የጠየቀው ዋጋ መኪናዋ ከተገዛችበት በለጠ። ሁለተኛው ገና በጨርቅ ሲሞክራት ቀለሟ ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ባለሙያውም ደንግጦ «ይቅርታ፣ ይዘሃት ሂድልኝ» አለው።

በሰርጉ ዕለት ቮልሷ እንደ ገብስማ ዶሮ ተዥጎርጉራ መጥታ ከአዲሷ መኪና ጎን ቆመች። አቶ ልሳነወርቅ በእንግዶች ፊት፣ «ፖሊሹስ የታለ?» ብለው ጮኹ።

ሰዓት ሠሪው ኮፍያውን አነሣ።

«ርካሹንማ አገኘሁ፣ ጌታዬ፤ ግን የሚሆነው ለእርስዎ መኪና ነው። ብቻዋን ስትቆም ማን ዞር ብሎ አያት? አሁን የእኔዋ ከጎኗ ስትቆም እንዴት እንደምታበራ ይመልከቱ! ያውም በነፃ። ለቪዲዮው ካስፈለገ ደግሞ እኔ ራሴ ከጎንዎ እቆምልዎታለሁ።»