ማጭድ ሰቀላ

ማጭድ ሰቀላ በሚባለው ኮረብታ አናት ላይ አንድ ያረጀ ወይራ አለ። የአካባቢው ገበሬ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ማጭዱን አምጥቶ እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅልና፣ ያን ቀን ሥራ የሚባል ሳይነካ ከቤቱ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጦ ይውላል። ምክንያቱን ለጠየቀ ሽማግሌዎቹ የሚነግሩት የጥንቱን ገበሬ የጎሹን ነገር ነው።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ክረምትና በጋ የሚባል አልነበረም። ጠዋት ካፊያ፣ ከሰዓት ፀሐይ፣ ዓመቱን ሙሉ ያው ነበር፤ አንዱ ማሳ ሲዘራ ሌላው ይታጨዳል፣ መሬትም ሰውም ዕረፍት አያውቁም። ጥጋብ ነበር፤ ረጋ ብሎ የሚበላው ግን አልነበረም። ከሁሉም የባሰው ጎሹ ነበር ይባላል። ሚስቱ አንጓች ከኋላው ነዶ እየሰበሰበች፣ ሳል እያጣደፋት «ኧረ አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ጎናችንን እናሳርፍ» ስትለው፣ ዞር ሳይል «ይቺን ማሳ እንጨርስና» ይላታል። ማሳው ደግሞ እንዴት ብሎ ይለቅ፣ ከኋላ ከኋላ እየበቀለ!

አንድ ቀን አንጓች ነዶዋን እንዳቀፈች ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። በማግሥቱ ጠዋት ኮረብታው ላይ ቀበሯት። ጎረቤት ለቅሶ ሊቀመጥ ሰሌን ሲያነጥፍ ጎሹ ቁልቁል የደረሰ ገብሱን አየ። ቢቀመጥ ሊረግፍበት ነው። «እሷ እንደሆን ከሄደች ወዲያ አትመለስም» አለና ማጭዱን አነሣ። ይህን ያየ ጎረቤትም የየራሱ እህል ትዝ አለውና እየተጣደፈ ወረደ። ሰሌኑ ላይ አንድም ሰው አልተቀመጠም።

ሰው ያልተቀመጠላትን ሰማይ ተቀመጠላት ይላሉ። በዚያው ቀን ከሰዓት ፀሐይ ፊቷን ሸፈነች፤ ዝናቡ ወረደ፣ በማግሥቱ አላባራም፣ በወሩም አላባራም። ገብሱ እንደቆመ በሰበሰ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለ ሰው የቆጡም ቀረበት።

ጎሹ የሚይዝ የሚጨብጠው ቢጠፋው አባ ውቤ ወደሚባሉ አዛውንት ሄደ።

«አባቴ፣ ይህ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው?»

«ልጄ፣ ለቀስተኛ መቼ ትነሣለህ ተብሎ ይጠየቃል?» አሉት። «ባለቤቱ ሳይቀመጥ እንግዳው እንዴት ብሎ ይነሣ?»

ጎሹ ወደ ኮረብታው ወጣ። ማጭዱን ከመቃብሯ አጠገብ ባለው ወይራ ላይ ሰቅሎ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ እንባ አልመጣለትም፤ ስለ ገብሱ ነበር የሚያስበው። ኋላ ሳሏ ትዝ አለው። ያን ሳል ስንት ዘመን ከኋላው ሲሰማ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መስከረም ላይ ሰማዩ ሲገለጥ መቃብሩ ዙሪያ ቢጫ አበባ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ውርጩ፣ ከዚያም መሬት የሚሰነጠቅበት በጋ መጣ። ጎሹ ለቅሶው ያበቃ መስሎት ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን ሰማዩ ሙት ዓመቷን አስቦ ጠቆረ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ረስቶ አያውቅም ይባላል። ጎሹም ማጭዱን ሳያወርድ፣ ዝናቡ በገባ ቁጥር እዚያው መቃብሯ አጠገብ ለቅሶ እየተቀመጠ ኖሮ ሞተ።

ያ ማጭድ ዛሬም እዚያው ነው፤ ወይራው እየወፈረ ውጦት የዛገ ጫፉ ብቻ ይታያል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ፣ በር በሩን እያዩ የሰለቻቸው ልጆች መቼ እንደሚያባራ ይጠይቃሉ። እናቶቻቸውም ወደ ኮረብታው አየት ያደርጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሱላቸዋል፦

«ጎሹ ገና አልተነሣም።»