የሰባት ቤቱ ኮምፒውተር

በአንድ ወቅት፣ ኮምፒውተር ያለው ሰው እንደ ሙሽራ በዳንቴል ይሸፍነው በነበረበት ዘመን፣ በቢቸና ከተማ አቶ እንዳላማው የሚባሉ ትውልድ ቆጣሪ ነበሩ። በዚያ አገር ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። እስከ ሰባተኛው አያት ድረስ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና አይጋቡም። ስምንተኛው ላይ ከሆነ ግን ምንም አይደል። የሚቆጥሩት አቶ እንዳላማው ነበሩ፤ ከእሳቸው በፊትም አባታቸው። ቆጠራ ሁለት አፍ አይወድምና በአንድ ዘመን ቆጣሪው አንድ ብቻ ነው።

የአባታቸውን መዝገብ ምስጥ በላው። እሳቸውም የተረፈውን ቅዳጅ ይዘው፣ የጎደለውን ከየሽማግሌው ደጅ ለቅመው፣ ሁሉን በአንድ ጣት እየነኩ ኮምፒውተር ላይ ጻፉት። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። እሳቸው አረጁ፤ ኮምፒውተሩም አብሯቸው አረጀ። ጠዋት ያበሩት ምሳ ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ከተከፈተም በኋላ መሐል ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል።

በዚህ መሐል ሙላለም የሚባል አናጢና ደጊቱ የምትባል የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ተጫጩ። ጠላው ተጠንስሶ፣ ለዳሱ እንጨት ተቆርጦ ሳለ አንዲት ባልቴት ገበያ ላይ «እነዚህ ልጆችማ ይገናኛሉ» ብለው አወሩ። የደጊቱ አባት ወሬውን ሰምተው መጡ።

«አቶ እንዳላማው፣ እርስዎ ቆጥረው ካልነገሩኝ ዳስ አልጥልም። ቀኑ ደግሞ አሥራ አራት ቀን ነው የቀረው።»

አቶ እንዳላማው በቃል ማስታወሳቸውን አላመኑትም። ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ። «እኔ ደክሜያለሁ። ይህን ኮምፒውተር አንሥቶ ቆጠራውን ያሳየኝ፣ ከእኔ በኋላ በዱካዬ፣ በዚህ በቆጣሪው በርጩማ ላይ፣ የሚቀመጠው እሱ ነው» አሉ።

የመጀመሪያው ልጅ ልንገርህ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሜሞሪው አንሷል ቢሉት አዲስ አበባ ወርዶ ከሁሉም አዲሱን ሜሞሪ ይዞ መጣ። ሜሞሪው ግን ጥርሱ መሐል ያለችው ክፍተት ከሚሰካበት ቦርድ ጉብታ ጋር አልገጠመችም። አውራ ጣቱን አሳርፎ ሊጫነው ሲል ወንድሙ ይበልጣል እጁን ያዘው።

«ተው እንጂ፣ ጎማ እየገጠምክ መሰለህ?»

«አዲስ ነው እኮ።»

«አዲስነቱ ነው ችግሩ።»

ልንገርህ አኮረፈ። ቢያኮርፍም ግን ያንኑ መንገድ ተመለሰ። ሱቅ ለሱቅ ሲዞር «ይሄንን እንኳ አያቴን ጠይቅ» እያሉ ሳቁበት። በመጨረሻ ከቁራሌዎች ክምር ውስጥ የአባቱን የሚመስል የሞተ ኮምፒውተር አገኘ። ባለቤቱ ነጥዬ አልሸጥም ስላለው ሬሳውን እንዳለ ገዝቶ በሽንኩርት ጆንያ መካከል ጭኖ አመጣው። ከውስጡ የወጣው ሜሞሪ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ገጠመ።

ኮምፒውተሩ በራ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ።

ሁለተኛው ልጅ ይበልጣል ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነው። ከፍቶ ቢያይ ኃይል የሚሰጠው ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት፣ ውስጡ አብጧል። የሬሳው ደግሞ ድሮ ተቃጥሏል። አዲስ ቢያስመጣ መሰኪያው ሃያ አራት ቀዳዳ፣ የቦርዱ ጥርስ ሃያ ብቻ ሆነ፤ ትርፉ ጎኑ ያለውን ዕቃ እየገፋ አልገባም አለ። ይበልጣል ራሱን እያከከ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄደ። ለሰው ሁሉ ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭንበት፣ እንጀራውን የሚያበላው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። ፈታው፤ ሣጥኑን አውጥቶ ለአባቱ ኮምፒውተር አደረገው።

«አብደሃል? በሠርግ ወራት?» አለው ልንገርህ።

«ታዲያ ሠርጉ ከሌለ ዘፈኑን ማን ይጭናል?»

የይበልጣል ሱቅ ተዘጋ። ደንበኞቹ መንገዱን ተሻግረው ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ሄዱ። ኮምፒውተሩ ግን በራ፤ አልጠፋምም። ሆኖም መዝገቡን ሲከፍቱት እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። ለሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቷል።

«ፎርማት እናድርገው። ሁሉ ተጠርጎ አዲስ ይጫንበት፤ መዝገቡን በፍላሽ እናወጣዋለን» አለ ይበልጣል። ልንገርህም አዲሱ የሚጫንበትን ሲዲ አስገባ።

ሦስተኛዋ ልጅ አሰጉ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። «ተዉ» አለች። «ባለፈው መዝገቡን በፍላሽ ወስጄ ትምህርት ቤት ከፍቼው ነበር። ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆነ። አባባ የጻፉበት የድሮ ፕሮግራም ከዚህ በቀር የትም የለም። ከጠረጋችሁት ቆጠራውን የሚያነብ አይኖርም።»

«አንቺ ጠመኔሽን ያዢ» አለ ልንገርህ። «እኛ ስንለፋ የት ነበርሽ?»

አሰጉ እጇን ሰዳ ሲዲውን አወጣችና በቀሚሷ አንገት ወደ ደረቷ ከተተችው።

«በሉ እንግዲህ፣ ወንድ የሆነ ይውሰድ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች መጀመሪያ እርስ በርስ፣ ቀጥሎ ጣሪያውን አዩ። አቶ እንዳላማው በዚያ ሁለት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«አሁን ምን ይሁን ታዲያ?» አለ ይበልጣል።

«ቀጥ ያለ መስሏችሁ ቶሎ ታጠፉታላችሁ» አለች አሰጉ። « አሥራ ሁለት ዓመት የተጻፈ ነው። ማንም ሳይነካው እስኪጨርስ ይጠበቅ።» ወንበር ስባ ኮምፒውተሩና ወንድሞቿ መካከል ተቀመጠች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ከዚያ መዝገቡ ተከፈተ፤ ፊደሉም እንዳለ ነበር።

አቶ እንዳላማው መነጽራቸውን አድርገው የሙላለምን ወገን ወደ ላይ፣ የደጊቱን ወገን ወደ ላይ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። እንዳይሳሳቱ ሰልሰው ቆጠሩ። ልጆቹ ተገናኙ፤ የተገናኙት ግን ስምንተኛው አያት ላይ ነው።

ዳሱ ተጣለ። ባልቴቷም «ይገናኛሉ ብዬ ነበር እኮ» እያሉ መጥተው ከሁሉ ፊት ተቀምጠው በሉ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ይበልጣል በተውሶ ማጫወቻ ዘፈን ከፈተ። ልንገርህ ላብ እስኪያጠምቀው ጨፈረ።

ጭፈራው በረድ ሲል የዱካው ነገር ተነሣ።

«ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ የተመላለስኩት እኔ ነኝ። ያ ሬሳ ባይመጣ ምን ስትጠብቂ ትቀመጪ ነበር?» አላት ልንገርህ አሰጉን።

«አንተ ያመጣኸው ከሌላ ሰው ጥራጊ ነው። እኔ ከራሴ አፍ ነው ያወጣሁት» አለ ይበልጣል።

«እናንተ ኮምፒውተሩን አነሣችሁ» አለች አሰጉ። «ያነሣችሁትን መልሳችሁ ልትገድሉት ስትሉ ቆጠራውን ያዳንኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ እንጂ ምን ሠራሽ?» አላት ልንገርህ።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ደግሞስ ሴት ቆጥራ ታውቃለች?» አሉ።

«ኮምፒውተርስ ቆጥሮ ያውቅ ነበር?» አሏቸው አቶ እንዳላማው።

ከዚያ ዱካቸውን ከቤት አስመጥተው ዳሱ መካከል አኖሩት። እሳቸው ከሙሽሮቹ ጎን መደብ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ያልሰማሁትን መጨመር እፈራለሁ። አንደኛው ደክሞ የጠፋውን አመጣ። ሁለተኛው ያለውን ሰጠ። ሦስተኛዋ ሰው ሁሉ ሊነካ ሲጣደፍ እንዳይነካ አደረገች። ዱካው አንድ ነው፤ ለሦስት አይሰነጠቅም። እናንተ ዳሱ ውስጥ ብትኖሩ ኖሮ፣ ማንን «ተቀመጥ» ወይስ «ተቀመጪ» ትሉ ነበር?