የወይራ ዝንጣፊ የታሰረባቸው ድስቶች

ስሟ ለነገራችን የማያስፈልግ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ተራራ ሥር ተለጥፋ፣ ደጋውን ከላይ ቆላውን ከታች እያየች የምትኖር የገበያ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ሐጂ ዘይኑ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። እንጀራቸው ከጨርቅ ንግድ ነው፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን አጋፋሪነታቸው ነበር። ኒካህ ሲታሰር፣ ሰደቃ ሲወጣ፣ የሩቅ ዓሊም ሲመጣ፣ «ሐጂ ዘይኑ ይያዙት» ይባላል። እሳቸው በያዙት ድግስ ላይ ሽማግሌ ፀሐይ አይመታውም፤ ዘግይቶ የመጣ እንግዳም የድስት ጥራጊ አይቀርብለትም።

ብልሃታቸውን ሲጠየቁ ብዙ አይሉም። የሚያደርጉትን ግን ሰው ያውቃል። ከድግሱ አስቀድመው ብቻቸውን ከመንገዱ ጫፍ ይነሱና እንደ እንግዳ ሆነው ይገባሉ። እንግዳው የሚታጠብበት ቦታ ቆመው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ የሚቀመጥበት ላይ ይቀመጣሉ። አንዴ እንደ ሽማግሌ፣ አንዴ እንደ ነፍሰ ጡር፣ አንዴም እንደ ተቀየመ ሰው ሆነው ይገባሉ ይባላል።

«የተቀየመ ሰው ደግሞ በየት በኩል ይገባል?» ብሎ የቀለደባቸው ሰው ነበር።

«በጓሮ ነዋ» አሉት። «ለዚያ ነው ጓሮውንም የማስጠርገው።»

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና የከተማዋ መስጂድ ጣሪያ ወደቀ። ቆላው እንጨት የለውም። ይህን የሰሙ የደጋ ክርስቲያኖች ማንም ሳይጠይቃቸው ዝግባ ቆርጠው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ያን ቁልቁለት ወረዱት። መስጂዱ ቆመ። ጀመዓው ተሰብስቦ «እነዚህን ሰዎች አብልተን፣ አጠጥተን፣ መርቀን ካልሸኘን ምን ሙስሊም ነን?» አለ። ነገሩም እንደ ልማዱ ወደ ሐጂ ዘይኑ መጣ።

አዛውንቱ የከበዳቸው የሕዝቡ ብዛት አልነበረም። በዚያ አገር እስላምና ክርስቲያን ዳቦውንም ማሩንም ወተቱንም አብሮ ይበላል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ በራሱ ሰው እጅ የታረደውን እንጂ የሌላውን አይነካም። ደጋዎቹ ደግሞ በከተማዋ ድግስ ሥጋ መብላት ከተዉ ቆይተዋል። በአያቶቻቸው ዘመን፣ በአንድ ሠርግ ላይ፣ የእስላም ሥጋ ለክርስቲያን ቀርቦ በኋላ ታወቀ የሚል ወሬ አለ። እውነትነቱን የሚያረጋግጥ ሰው በሕይወት የለም፤ ወሬው ግን አልሞተም። ያን ወሬ የሚቀብር አንድ የተሳካ ቀን ሐጂ ዘይኑ ለብዙ ዘመን ሲመኙት ኖረዋል።

ስለዚህ ወደ ደጋው ወጥተው ባላምባራስ ወንዳፍራሽን አማከሩ። ባላምባራስ በዕድሜ ይበልጧቸዋል፤ በደጋው ቃላቸው ይከበራል።

«ሰዎቼ ይፈራሉ» አሉ ባላምባራስ። «እኔ በአንተ ዋስ እሆናለሁ። ዋስ መሆኔን አትርሳ እንግዲህ።»

«አልረሳም» አሉ ሐጂ ዘይኑ።

ጀመዓው ድግሱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ሐጂ ዘይኑ ዓርብ ለእንግዶቹ ጾም መሆኑን አስታውሰው ወደ ሐሙስ አመጡት። ሁለት ወጥ ቤት በሁለት አቅጣጫ አቆሙ፤ በመካከሉ ሰፊ ሜዳ ተዉ። የእስላሙን ወጥ ቤት እመት ሉባባ፣ የክርስቲያኑን ከደጋ የወረዱት እትዬ አሰገደች ያዙት። ድስቶቹ ከአንድ ሸክላ ሠሪ የመጡ ስለነበሩ፣ በእስላሙ ድስት ጆሮ ላይ የወይራ ዝንጣፊ በቃጫ እንዲታሰር አዘዙ። «ያዳላል» እንዳይባሉም በሬዎቹን አቻ አድርገው አስገዙ፤ ሽንኩርቱን ከአንድ ጆንያ፣ በርበሬውን ከአንድ ሙቀጫ፣ ቅቤውን ከአንድ ቅል አካፈሉ። ትልልቆቹን ድስቶችም ለሁለቱም ወጥ ቤት እኩል አደረጉ።

እትዬ አሰገደች ይህን ሁሉ አይተው ሳቁ። «ሐጂ፣ ጭሱንም ያካፍሉና እንገላገል!»

«ጭሱን ነፋስ ያካፍላችኋል» አሉ ሐጂ ዘይኑ።

ሐሙስ ደረሰ። ደጋዎቹ ነጭ ለብሰው ወረዱ። በሁለት ረድፍ የተጣለው ዳስ፣ በአንድ በኩል እስላሙን በሌላው ክርስቲያኑን ይዞ ሞላ። የዙህር ሰላት ተሰገደ። ወጡ በስሎ፣ ድስቱ ከእሳት ወርዶ፣ ለገበታ ሲጠበቅ፣ ማንም ያላሰበው ዶፍ ከተራራው ላይ ወረደ። ለእንግዳው ዳስ ተጥሎ ነበር፤ ለወጥ ቤቶቹ ግን አልተጣለም። ሐጂ ዘይኑ «ድስቶቹን ወደ መድረሳው አስገቡ!» ብለው ጮኹ። ጎልማሶቹ ከሁለቱም ወጥ ቤት ድስቱን እያነሱ ሮጡ። ከመስጂዱ ጎን ያለው መድረሳ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤቱ፣ ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ዝናቡ እንደ አመጣጡ ወዲያው ሄደ። ሐጂ ዘይኑ ወደ መድረሳው ገብተው አዩ። ድስቶቹ በሁለት በኩል ተደርድረዋል፤ የወይራው ዝንጣፊም በግራ በኩል ባሉት ላይ በሙሉ አለ። «አልሐምዱሊላህ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ቋጠሮው ላይ አረፈ። እመት ሉባባ ሁለቴ አዙረው ነበር የሚያስሩት፤ ይኸኛው አንድ ዙር ነው። የሚቀጥለውን አዩ። እሱም አንድ ዙር ነው።

«ይህን ያሰረው ማነው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ!» አለ አደም። አደም እንጨት ፈላጭ ነው፤ ደግነቱ ከማስተዋሉ ቀድሞ የሚሮጥ ሰው። «ዝናቡ ቃጫውን አላልቶት፣ ግማሹም መሬት ወድቆ አገኘሁት። አስተካክዬ፣ ሁሉንም አዲስ አድርጌ አሰርኩት።»

«የወደቀው ከየትኛው ድስት እንደሆነ በምን አወቅክ?»

«ትልልቆቹ የእኛ መስለውኝ…»

«ትልልቆቹን እኩል ነው ያካፈልኩት አደም።»

አደም ድስቶቹን አየ፤ ከዚያ ሐጂን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

እመት ሉባባና እትዬ አሰገደች ተጠሩ። ክዳኑን እየከፈቱ አዩ፤ አሸተቱ። አንድ በርበሬ፣ አንድ ቅቤ፣ አንድ ቀለም ነው።

«ጨዌን አውቃለሁ» አሉ እመት ሉባባ። «ብቀምስ እለየው ነበር።»

«ቅመሺዋ» አሉ እትዬ አሰገደች።

«የአንቺ ቢሆንስ?»

«እኔ ልቅመስ እንዳልል ደግሞ የአንቺ ቢሆንስ?»

ሁለቱ ሴቶች ጭልፋቸውን እንደያዙ ተፋጠው ቀሩ።

ይህን ጊዜ አያ ሙሄ ደረሱ። አያ ሙሄ እህል ነጋዴ ናቸው፤ በሬዎቹን የገዙት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ በሩን ዘጉ።

«ሐጂ፣ ሰው እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። ዝንጣፊው በቦታው ነው። እንግዳው የሚያየው ምልክቱን ነው።»

«ምልክቱን የሚያምነው እኔን አምኖ ነው አያ ሙሄ።»

«ቢደባለቅ እንኳ ሳናውቅ ነው። አላህ ባላወቁት አይይዝም።»

«እስከ አሁን አላወቅንም ነበር። አሁንስ?»

«አሁንማ ቢናገሩ የሚሆነውን ልንገርዎት!» አሉ አያ ሙሄ። «ደጋው በሙሉ ‹አያቶቻችን እውነታቸውን ነው› ብሎ ይነሳል። ባላምባራስ ያፍራሉ። ልጆቻችንም ከልጆቻቸው ጋር አይበሉም። አንድ ቃል ባለመናገር ይህ ሁሉ ይቀራል።»

ሐጂ ዘይኑ ወደ ድስቶቹ ዞሩ። አያ ሙሄ ያሉት ሁሉ ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ፤ የከበዳቸውም እሱ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ስም አለ። የባላምባራስ ዋስትና አለ። ያን ቁልቁለት ግንድ ተሸክሞ የወረደ ትከሻ አለ። ዝም ቢሉ ይህ ሁሉ የሚድን ይመስላል። ግን ያ ሰው ገበታው ላይ እጁን ሲዘረጋ፣ እሳቸው ቆመው እያዩት፣ ምን ብለው «ብሉልኝ» ይላሉ?

«እኔ ልናገር ሐጂ» አለ አደም። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንተ የወደቀ አነሳህ። ለእንግዳው ዳስ ጥዬ ለድስቱ ያልጣልኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉንም አንድ ጣሪያ ሥር ያስገባሁትም እኔ ነኝ» አሉና በሩን ከፍተው ወጡ።

በሁለቱ ዳሶች መካከል ቆሙ። ሰዉ የዱዓ መጀመሪያ መስሎት ዝም አለ።

«ወገኖቼ» አሉ። «ዱዓ ከማድረጋችን በፊት የምናገረው አለኝ። ድስቶቹ በዝናቡ ጊዜ ተደባልቀዋል። ምልክቱም ከቦታው ተዛውሯል። የትኛው የእናንተ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ጥፋቱ የአጋፋሪው ነው፤ አጋፋሪው እኔ ነኝ። ሥጋው ለማንም አይቀርብም። አፉ በሉኝ።»

ከደጋዎቹ መካከል ጎሹ የሚባል ጎልማሳ በትሩን አንስቶ ብድግ አለ።

«አላልኩም?» አለ። «አያቴ ነግሮኝ ነበር! አላልኳችሁም?»

አንዳንዱ ጋቢውን መሰብሰብ ጀመረ። ሰው ሁሉ ዋሱን አየ። ባላምባራስ ወንዳፍራሽ ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

«ዘይኑ» አሉ። «ከእኛ የበላ ሰው አለ?»

«የለም። አንድ ገበታ አልወጣም።»

«ዝም ብትለን ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ነገ ከእርስዎ ጋር ስቀመጥ እኔ አውቅ ነበር።»

ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጎሹ ዞሩ። «ተቀመጥ ልጄ። አያትህ የነገረህ ዝም ስላለው ሰው ነው። ይኸኛው ተናገረ።»

ጎሹ በትሩን እንደያዘ ቆየ። ወደ ደጋው መንገድ አየ፤ ወደ ሐጂ ዘይኑም አየ። አዛውንቱ እጃቸውን አጣምረው፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል።

«ታዲያ ምን ልንበላ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ለመንገዳችሁ ስንቅ ብዬ ያስጋገርኩት ዳቦ አለ። ማርና እርጎ አለ። ለጋ ቅቤም አይጠፋም።»

«ማሩ ይብዛ እንግዲህ!» ብሎ ተቀመጠ፤ በዳሱ ውስጥ የታፈነው ትንፋሽ ሁሉ በሳቅ ወጣ።

ዳቦው ወጣ። ያን ጊዜ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ሁለቱ ዳሶች የተለዩት በሥጋው ምክንያት ነበር፤ ሥጋው ሲቀር መለየቱም ምክንያት አጣ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሜዳውን ተሻግረው ግንድ አብሯቸው ከተሸከመ የከተማ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። እመት ሉባባና እትዬ አሰገደች ከአንድ ሙልሙል እየቆረሱ አሳለፉ። ጎሹ ከአደም ጋር አንድ ገበታ ደረሰው፤ አደም የሠራውን ነግሮት ከእፍረቱ የተነሳ እጁን ሲሰበስብ «ብላ እንጂ፣ ዳቦው ላይም ዝንጣፊ ልታስርበት ነው?» አለው።

አያ ሙሄ ብቻ በመድረሳው በር ቆመው ድስቶቹን ያያሉ። «ሁለት በሬ ለጅብ!» አሉ።

«ጅቡ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ እሱ ተገላገለ» አሉ እትዬ አሰገደች በአጠገባቸው ሲያልፉ።

ከዱዓው በኋላ ደጋዎቹ ሊወጡ ሲነሱ ባላምባራስ የሐጂ ዘይኑን እጅ ያዙ። «ጥቅምት ላይ ልጄን እድራለሁ። አጋፋሪው አንተ ነህ።»

«የእስላሙን ወጥ ቤት ነው?»

«ሁለቱንም።»

እንግዳው አልቆ ሜዳው ባዶ ሲቀር አያ ሙሄ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ቁጣቸው በርዷል፤ የገረማቸው ግን አልወጣላቸውም። «ሐጂ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የዛሬውን ከተሳኩት ድግሶችዎ ይቆጥሩታል?»

ሐጂ ዘይኑ ልብሳቸው ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ እየለቀሙ መለሱ።

«እንግዳ ሳይጠራጠር የቆረሳት ደረቅ ቁራሽ ድግስ ናት።»

ይህ የአዛውንቱ ቃል ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ሰው ጠርተን የምናውቅ ሁሉ ግን ክብደቱን እናውቀዋለን። ስንደግስ የሚያስጨንቀን አብዛኛውን ጊዜ እንዳናፍር ነው፤ ወጡ እንዳያንስ፣ ሰው እንዳያማን። ይህም ክፉ ሐሳብ አይደለም። ሐጂ ዘይኑም በዚህ ሁሉ ከማንም በላይ ይጠነቀቁ ነበር፤ የጥንቃቄን ዋጋ የሚንቅ ሰው ከእሳቸው የሚማረው የለም። ነገር ግን ዝግጅት ሁሉ የሚቆመው እንግዳው ባላየው ቦታ ላይ ነው። እንግዳ ወጥ ቤት አይገባም። ድስት አይከፍትም። እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ሃይማኖቱንም ጤናውንም ለደጋሹ አደራ ሰጥቷል፤ ያ አማና ነው። አዛውንቱ በዚያች ሰዓት የመረጡት ድግሱ ቢፈርስ አማናው እንዲቆም ነበር፤ ድግሱም ሳይፈርስ ቀረ ማለት ግን ዘወትር እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ጎሹ በትሩን ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ደጋውም ተከትሎት ሊወጣ ይችል ነበር። ሐጂ ዘይኑ በሩን ከፍተው ሲወጡ የሚሆነውን አያውቁም ነበር። እውነቱን የተናገሩት ግን ይህን ሳያውቁ ነው፤ ምንዳውም ያለው እዚያ ላይ ነው። አላህ ሰው በማያያቸው ቦታ ከሚታመኑት ያድርገን።