የቱቦው ድርሻ

አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ከአቶ ባንትይርጉ ፎቅ ቤት ዝቅ ብላ ትኖር ነበር። የእሳቸው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚወርድበት አሮጌ ቱቦ በእሷ ቤት ሥር ያልፋል። ቱቦው ተሰንጥቆ ሦስት ወር ሙሉ ደጇ ላይ ሲፈስ ብትለምናቸው አልሰሟትም። ፍሳሹ ወደ እሳቸው ቤት መመለስ ሲጀምር ግን በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ ጠሩ።

ሠራተኛው፣ «አንደኛው መንገድ ቤቷን አፍርሶ መቆፈር ነው። ሁለተኛው ሳይቆፍሩ አዲሱን ቱቦ በአሮጌው ውስጥ ጎትቶ ማሳለፍ ነው፤ እሱ ግን ውድ ነው» አላቸው።

አቶ ባንትይርጉ ሽማግሌዎች ሰብስበው ሴትዮዋን አስጠሩ።

«ቱቦው የሁለታችን ነው። ወይ ወጪውን እኩል እንካፈላለን፣ ወይ ቤትሽ ፈርሶ ይቆፈራል» አሏት።

ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ሁሉ ብትሸጥ ሩቡን እንኳ እንደማትሞላ ታውቃለች። ቢሆንም አልተከራከረችም።

«ልክ ነዎት ጋሼ፣ እኩል እንካፈል» አለች።

አቶ ባንትይርጉ ፈገግ ብለው ሽማግሌዎቹን ተመለከቱ።

«እንግዲያው» አለች ሴትዮዋ፣ «ሽማግሌዎቹ እዚሁ እያሉ ከቱቦው የወጣውንም እንካፈል። ሦስት ወር ለብቻዬ ስቀበል ቆይቻለሁ። የእርስዎን ግማሽ በበርሜል አመጣለሁ፤ ሳሎን ነው ወይስ መኝታ ቤት የማራግፍልዎ?»