ቆላ ላይ የተዘጋው ማሞቂያ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሾፌር ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው፣ ጥያቄውን ሰምተው እንደጨረሱ። ጠያቂው ምንተስኖት የሚባል የሰፈራቸው ጎልማሳ ነው። «ጋሼ፣ እናቴን እወዳታለሁ። ቤቷ ስገባ ግን ከአፌ የሚወጣው ሁሉ ይቀዘቅዛል። እንደ ባዳ ደህንነቷን ጠይቄ ሰዓቴን አያለሁ። ምን ሆኜ ነው?» ብሏቸው ነበር። ጋሽ ዘርጋው ዕድሜያቸውን መሪ ላይ የፈጁ ሽማግሌ ናቸውና ምሳሌያቸውም ከመኪና አይርቅም። እንዲህ ብለው ቀጠሉ።

ሰውየው የሚኖረው ሸዋ ሮቢት ነበር፤ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አፋር ይነዳል። አባቱ መንዝ ናቸው። ከደጃፉ ቆሞ ቀና ቢል የአባቱ አገር ተራራ ይታየዋል፤ እሱ ግን ቀና አይልም። መሬታቸውን ለጎረቤት በእኩል እንዲታረስ ሰጡብኝ ብሎ አኩርፎ የወረደ ነው። ኩርፊያውም ውሎ አድሮ ልማድ ሆነበት።

አንድ ቀን ከዳሽቦርዱ ሥር ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «የማሞቂያው ራዲያተር ያፈሳል። ሞተሩ ያፈላው ውኃ በዚህ ሲዞር ነው ጋቢናው የሚሞቀው። ልሥራልህ ወይስ ቱቦውን ቆርጬ ወደ ሞተሩ ልመልሰው?» አለው።

ሾፌሩ ሳቀ። «በዚህ ሐሩር ማሞቂያ ምን ያደርግልኛል? ዝጋው!»

«ደጋ የወጣህ ቀን ትቸገራለህ።»

«ደጋ ማን አለኝና!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። መካኒኩ ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ ገጥሞ በብረት ማሰሪያ አሰራቸው። መንጠባጠቡ ቆመ። መኪናው ምንም የጎደለው አይመስልም፤ ሰውየውም ከጣጣ ተገላገልኩ ብሎ ሄደ። ዓመታት አለፉና ነገሩን ጭራሽ ረሳው።

ከዕለታት አንድ ቀን ያው እኩል አራሹ ጎረቤት ደወለለት። «አባትህ ደረታቸውን ታመዋል። ሐኪሙ ብርድ እንዳያገኛቸው፣ ቆላ ይውረዱ ብሏል። እባክህ ያለፈውን እርሳና ና ውሰዳቸው» አለው። ሰውየው ስልኩን ይዞ ቆመ። ያ ሁሉ ዓመት የተቀየመበት ነገር በዚያች ሰዓት ከንቱ ሆነበት። ሽንኩርቱን አራግፎ ሽቅብ ነዳ። አባቱን በጋቢ ጠቅልሎ ከጎኑ አስቀመጠና መመለስ ጀመሩ። ይቅር ይበሉኝ ሊላቸው ፈልጓል፤ ትንሽ ሙቀት ላግኝላቸውና እላቸዋለሁ እያለ ያሳድረዋል።

ጣርማ በር ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። አባትየው ያስሉ ጀመር። «አይዞዎት አባባ፣ አሁን አሞቅዎታለሁ» አለና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። ዘግቶ ደግሞ ከፈተው፤ ያው ነው።

ዳር ይዞ ቆመና ኮፈኖውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ከፈተ። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ማራገቢያው እንደ ጉድ ይነፍሳል። ውኃው አልጎደለም፤ ሞተሩም እጅ ያቃጥላል። ታዲያ ብርዱ ከየት መጣ? ትኩሱን ቱቦ በጨርቅ እየዳሰሰ ተከተለው። ቱቦው ወደ ጋቢናው ሳይገባ ወደ መጣበት ዞሮ ይመለሳል። መጋጠሚያው ላይ የዛገች የብረት ማሰሪያ አየ። ያን ጊዜ የገዛ ሳቁ ጆሮው ላይ አቃጨለበት። ደጋ ማን አለኝና!

አባትየው ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወርደው መጡ። እጃቸውን ከሞተሩ በላይ ዘርግተው ሞቁ። «እሳቱ እዚህ አለ እኮ ልጄ። ወደ ውስጥ አልገባ ያለው ምን ቢያደርጉት ነው?» አሉት።

ልጅየው እኔ ነኝ የዘጋሁት ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አልወጣውም። ቱቦውን ልመልሰው ቢል ራዲያተሩ ያፈሳል፤ ኮፈኖው ተከፍቶ አይነዳ ነገር፤ ቆመው እንዳይሞቁ ቀኑ እየመሸ፣ ጉሙም እየባሰ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ደረበላቸውና ነዳ። እስከ ታች ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሮቢት ሲገቡ ሐሩሩ ተቀበላቸው፤ ጣርማ በር ላይ የገባው ብርድ ግን ከአባትየው ደረት አልወጣም። ልጅየው ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ለቅሶው ሲያበቃ ሰውየው ጋራዥ ሄዶ ማሞቂያውን አሠራ። አሁን ግሩም አድርጎ ያሞቃል። ሮቢት ላይ ግን ማን ይከፍተዋል? ደጋስ አሁን ማን አለው?

ጋሽ ዘርጋው ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ምንተስኖት ዞር ብለው፣ «አንተም እንደዚያው ነህ» አሉት። «እሳት የለህም አልልህም፤ ባይኖርህ ይህን ልትጠይቅ አትመጣም ነበር። ግን የሆነ ጊዜ እናትህን መውደድ ቢያስቸግርህ፣ ከማስጠገን መቁረጥ ቀለለህ። በዚያን ጊዜ አልበረደህማ! ሳይበርድህ ስለቆረጥከው ረሳኸው። አፍ ማራገቢያ ነው ልጄ፤ የሚነፍሰው ያገኘውን ነው። ስለዚህ ቃል እየቀያየርክ አትድከም። የት ላይ እንደቆረጥከው ፈልግ፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት ብለህም ለራሷ ንገራት። ያ ሾፌር ዛሬ ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገረዋል፤ ሊሰሙት የሚገባቸው ሰውዬ ግን አልሰሙትም። ያንተ እናት ገና ትሰማለች። ተነሥ እንጂ፣ ምን ቁጭ ትላለህ?»