እሾሁን የጨረሰው ጃርት

አንድ ጊዜ፣ ከገደል ሥር በተማሰ ጉድጓድ ውስጥ አያ ጃርትና ሚስቱ እመት ጃርት ከሁለት ጨቅላ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በአንድ ክፉ ቀን አያ ጃርት ጅብ ከደጁ ሲያደባ አገኘና የጀርባውን እሾህ ወርውሮ አባረረው። አገሩም አመሰገነው። ምስጋናው ግን ራሱ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ኮሽ ባለ ቁጥር ጀርባውን አዙሮ እሾሁን ይለቀው ጀመር።

አንድ ጠዋት ድኩላ መጣና እንደ ወጉ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች» አለ። «ደጆች» የሚለው ሳያገኝ እሾህ ጭኑ ላይ ተሰካ።

«ምነው አያ ጃርት? ጅብና ቀበሮ ሲማከሩባችሁ ሰምቼ ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት።»

«ቀድመህ መናገር ነዋ።»

«ምን ላድርግ፤ አፌ እሾህህን አይቀድም» አለና ድኩላ እያነከሰ ሄደ።

እመት ጃርት አንጀቷ አረረ። «አንተ ሰውዬ፣ ማነህ ብለህ ብትጠይቅ ምን ይጎድልብሃል? ጎረቤቱ ሁሉ ሸሸን። እሾህ ደግሞ በአንድ ጀምበር አይበቅልም።»

«እየጠየቀ የሚዋጋ ጀግና የት አይተሻል?» አላት። እሷም ልጆቿን ወደ ጓዳ ሰበሰበች።

ቀበሮ ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ትሰማ ነበር። ጅብ «አሁኑኑ ገብቼ ልጆቹን ልዋጣቸው» ቢላት፣ «ቀስ በል አያ ጅቦ፤ ጀግና እኮ ነው፣ እስኪ ትንሽ እናዋጋው» አለችው። ከዚያም ጠጠር እየለቀመች ወደ ቅጠሉ ትወረውር ገባች። ኮሽ ሲል አያ ጃርት ይለቃል፤ ኮሽ ሲል ይለቃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንጋዩም ግንዱም እሾህ ለብሶ፣ የእሱ ጀርባ እንደ ተላጨ ራስ ሆኖ ቀረ።

ያኔ ጅብ እየተጎማለለ መጣ። አያ ጃርት ጀርባውን ቢያዞር ባዶ ነው፤ ሮጦ ከሚስቱ ኋላ ተወሸቀ። እመት ጃርት የጉድጓዱን አፍ በጀርባዋ ዘግታ «ማነህ?» አለች።

«የልጆቹ አጎት ነኛ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

ድምፁን ለየችው። አፍንጫውን ሲያስገባ አንድም ሳታባክን ያኖረችውን እሾህ ሰካችበት። ጅብ እያላዘነ ሸሸ፤ ቀበሮማ ቀድማው ጠፍታለች።

አያ ጃርት ከጓዳ ብቅ ብሎ «ምነው ገና ከሩቁ አልወጋሽውም?» አላት።

«ጅብ መሆኑን ሳላውቅ?» አለችው፤ ከደጁም አልተነሣችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳይጠይቅ የሚወጋ ሰው ጠላቱ ከመድረሱ በፊት ወዳጁንም መሣሪያውንም እንደሚጨርስ ነው።